የአስተርጓሚው ልቅሶ

እድላዊት መጀመሪያ ያየችው ከንፈሩን ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ውስጥ ሬዲዮው የቀትር ዜና ያሰማል። ሰዉ ሳንቡሳውን እየገመጠ ወሬውን ይሰልቃል። ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠው፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ግን ሻዩን አቀዝቅዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ድምፅ የለውም። ጸሎት እያደረሰ መስሏት አንገቷን ልትሰብር ነበር፤ ልብ ብላ ስታየው ግን ከንፈሩ የሚከተለው ዜና አንባቢውን ነው፤ ያውም ትንሽ ዘግይቶ። አንባቢው ሲያቆም እሱ ገና ጥቂት ይቀረዋል። አንባቢው አዲስ ነገር ሲጀምር እሱ አፉን ገጥሞ ይጠብቃል። ሰው በሌላ ሰው ጥላ ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቆ ሲራመድ አይታ አታውቅም።

አላስቻላትም፤ ሄዳ ጠየቀችው።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?"

"አፌ እንዳይዝግ እያፍታታሁት ነው" አለ፣ ምንም ሳያፍር። "አስተርጓሚ ነኝ።"

ከባምላኩ ጋር የተዋወቁት እንዲህ ነው። እድላዊት እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንግሊዝኛ ተምራ፣ እዚያው በረዳት መምህርነት ቀርታለች። ማስተርጎም ማለት ሁለት ቋንቋ ማወቅ ብቻ ይመስላት ነበር። ባምላኩ ይህን ስትነግረው ሳቀና "ቅዳሜ ነይ" አላት። ቅዳሜ ሄደች፤ በቀጣዩ ቅዳሜም ሄደች፤ ክረምቱ ሲወጣ መሄዱ ልማድ ሆነ።

በመጀመሪያ ያስተማራት መዘግየትን ነው። "ከተናጋሪው እኩል አትሩጪ። ሐሳቡ እስኪገለጥልሽ ጠብቂ፤ ግን ብዙ ከራቅሽ ደግሞ ጅራቱ ያመልጥሻል" ይላታል። ዜናውን በዚያው በአማርኛ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ስትደግም ውላ ማታ መንጋጋዋን ያማታል። ቀጥሎ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ። የገዛ ቋንቋዋ ምን ያህል ሰው እንደሚያስጠብቅ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

"እዪልኝ" ይላል ባምላኩ፣ "የኛ ሰው 'ኃላፊው ያን ሁሉ ገበሬ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ በማዳበሪያው ጉዳይ…' ይልና ትንፋሹን ይስባል። አመሰገኑት ይበል፣ ሰደቡት ይበል፣ አታውቂም። እንግሊዝኛው ደግሞ ቶሎ ንገሪኝ እያለ ይነዘንዝሻል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሺው። ኃላፊው ገበሬዎቹ ፊት ቆሙ። ፀሐይ ነበር። ጉዳዩ ማዳበሪያ ነው። እስከዚህ ድረስ የዋሸሽው የለም። ስድቡ ሲመጣ ስድቡን ትጨምሪበታለሽ።"

ተናጋሪው ተናግሮ ሲያቆም ተራ ጠብቆ መተርጎም ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበረው። ቃል ሳይሆን ሐሳብ ትጽፋለች። የሚያድግ ነገር ሽቅብ ቀስት፣ የሚቀንስ ቁልቁል ቀስት ይሆናል። ቁጥርና የሰው ስም ግን አእምሮ አይታመንምና ወዲያው ይጻፋል። "ግን" የምትለዋን ቃል በግራ ኅዳግ፣ ለብቻዋ፣ ጉልህ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ሰው ብዙ ጊዜ የልቡን የሚናገረው ከ"ግን" በኋላ ነዋ። ለመናገር ስትነሣ ዐይኗ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ ሰዎቹን ማየት አለበት።

ከሁሉ የከበዳት ግን አንዲት ደንብ ናት። ተናጋሪው "እኔ" ካለ አስተርጓሚውም "እኔ" ይላል።

"'እሳቸው እንዲህ ይላሉ' ካልሽ በሰዎቹ መካከል ግድግዳ ሆነሽ ቆምሽ ማለት ነው" አላት።

"የራሴ የምለው ነገር ቢኖረኝስ? ብሳሳት፣ ባይሰማኝ?"

"ያን ጊዜ 'አስተርጓሚዋ' ትያለሽ። አስተርጓሚዋ አልሰማችም፤ አስተርጓሚዋ ይቅርታ ትጠይቃለች። ራስሽን እንደ ሌላ ሰው ትጠሪያለሽ።"

እድላዊት ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ ይህንኑ ስታወጣና ስታወርድ ሄደች። "እኔ" የሚለው ቃል የሁሉም ሰው ሆኖ ከራስ ብቻ የሚወሰድበት ሥራ በዓለም ላይ አለ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ የመጀመሪያ ሥራዋ መጣ። በደብረ ኤልያስ አካባቢ መሬቱ ኮምጥጦ፣ ስንዴው እየቀጨጨ ያስቸገራቸው ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ኖራ በትነው ሞክረዋል። ሙከራውን የሚከታተሉት ሆላንዳዊ የአፈር ተመራማሪ፣ ዶክተር ሄንድሪክ፣ ውጤቱን አይተው ገበሬዎቹን ሊሰናበቱ ይሄዳሉ። አስተርጓሚው ባምላኩ ነው፤ እድላዊት ደግሞ ተራ ተጋሪዋ። ዶክተሩ ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጋር በፊተኛው መኪና ሄዱ። እነሱ የባምላኩ የቆየ ወዳጅ ጌቾ በሚነዳው በኋለኛው ላይ ተሳፈሩ።

ከተማውን እንደወጡ እድላዊት ብዙ ጊዜ ልትጠይቅ እየፈለገች ያፈረችውን ጠየቀች።

"ጋሼ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ስብሰባ ላይ ይሠሩ ነበር ይባላል። ለምን ተዉት?"

"አይ እድልዬ!" አለ ጌቾ መሪውን እያዞረ። "ተይው፣ እኔ በጠየቅሁት ቁጥር መስኮት መስኮቱን ነው የሚያይ። ሁለት ቋንቋ አውቆ በሁለቱም ዝም የሚል ሰው ይኸ ብቻ ነው።"

ባምላኩ እውነትም በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር። ጤፉ ገና አልታጨደም፤ ነፋሱ ሲመታው ተኝቶ ይነሣል። ጥቂት ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣

"የኔዓለም የምትባል ሴት ነበረች" አለ።

ጌቾ ሬዲዮውን ዘጋ።

እንደተረከላቸው፣ በስብሰባ አዳራሹ ጀርባ የመስታወት ክፍል አለች፤ ባለሙያዎቹ ቡዝ ይሏታል። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክ፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ። ተናጋሪው እየተናገረ አብሮ መተርጎም ጭንቅላትን ስለሚያደክም ሁለት አስተርጓሚዎች በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። ተራው ያልሆነውም አያርፍም። ቁጥሩንና ስሙን በወረቀት እየጻፈ ለጓደኛው ያቀብላል። ባምላኩና የኔዓለም በዚያች ክፍል ውስጥ ክንድ ለክንድ ተነካክተው ብዙ ዓመት ሠሩ። ቁጥሮቿ ክብ ክብ ነበሩ። ቃል ሲጠፋው፣ መጥፋቱን እሱ ራሱ ሳያውቀው፣ ቃሉ ተጽፎ ፊቱ ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ ክርኑን በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፤ እሷ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር እሱ ይጨርሰዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው መለወጣቸውን የሚያውቀው ድምፁ ከሴት ወደ ወንድ በመዞሩ ብቻ ነው።

"ክፍሉ ውስጥ ማውራት አይቻልም" አለ ባምላኩ። "ስንወጣ ደግሞ የሁለታችንም ድምፅ አልቋል። እስከ ታክሲው ዝም ብለን እንሄዳለን። ከተነጋገርነው ዝም ያልነው ይበልጣል። እነግራታለሁ እያልኩ… ይኸ ስብሰባ ይለቅና፣ ያኛው ይለቅና…"

አባቱ ታመውበት ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ ሰንብቶ ሳለ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ስብሰባ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። የኔዓለም በድንገት ማረፏን፣ ትናንት መቀበሯን ነገረውና፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ለሰኞው ጉባኤ በእሷ ቦታ ይገባ እንደሆነ ጠየቀው። ባምላኩ አዲስ አበባ ሄደ። የልቅሶው ድንኳን በር ላይ አንድ ዘመዷ "ምኗ ነህ?" አለው። "የሥራ ባልደረባዋ" አለ። ከባልደረቦቿ ጋር መጨረሻው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ንፍሮ ቀመሰ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" አለና ወጣ።

"አላለቀሱም?" አለች እድላዊት።

"የት ሆኜ? ለባልደረባ የሚለቀሰው ልክ አለው። ከዚያ ወዲያ የመስታወቷ ክፍል ውስጥ ስገባ በስተግራዬ ሌላ ሰው ሲቀመጥ አልችል አልኩ። ትቼ መጣሁ። ሰው እንኳ 'ያጥናህ' ያለኝ የለም፤ ማን ብሎ ይለኛል?"

ደብረ ኤልያስ እስኪደርሱ ጌቾ አልቀለደም።

ገበሬዎቹ ከማሳው አጠገብ፣ ከትልቅ ወይራ ሥር ተሰብስበው ጠበቋቸው። ኖራ የተበተነበት ስንዴ ከጎኑ ካለው ጋር ሲተያይ ጌታና ሎሌ ይመስላል። የገበሬዎቹ ሊቀ መንበር እንዳላማው እንግዶቹን አስቀመጠ። ባምላኩ "አንቺ ጀምሪ" አላት። ዶክተሩ ስለ አፈሩ ተናግረው ሲያቆሙ እድላዊት ማስታወሻዋን ይዛ ቆመች። ቀስቶቹን አልሳተችም፤ ቁጥሮቹም አላመለጧትም። አፏን ስትከፍት ግን ያ ሁሉ ሰው እያያት "እኔ አፈሩን መርምሬያለሁ" ማለቱ ነውር መስሎ ታያት።

"እሳቸው አፈሩን መርምሬያለሁ ይላሉ" አለች።

አንዴ ከጀመረች መመለሻ አጣች። "እሳቸው ኖራው በሦስተኛው ዓመት ይደገም ይላሉ። እሳቸው ፍግም ይጨመር ይላሉ።"

"የእሳቸውን ሰማን እቴ" አለ እንዳላማው፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ሳቅ ሆነ። ፊቷ እሳት መሰለ። ባምላኩ ጠጋ ብሎ ክርኗን ነካ አደረጋትና ተራውን ወሰደ። በዚህ መካከል የመንደሩ አሮጊት እማማ ወለተ ሐዋርያት ከጥቂት ሴቶች ጋር ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ በነጠላቸው እንደተከናነቡ መጥተው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ።

ዶክተር ሄንድሪክ የመጨረሻ ቃላቸውን ለመናገር ተነሡ። ረጅም፣ ፀጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ዐይናቸውን ስንዴው ላይ ተክለው፣ እንደ ፈገግታ ያለ ነገር ከንፈራቸው ላይ ይዘው፣ በዝግታ ተናገሩ። ሲያቆሙ ባምላኩ ወረቀቱን ዝቅ አደረገና ቀና ብሎ ሰዎቹን አየ። ደንቡም ይኸው ነው።

"ይህን ሥራ የጀመርኩት ከባለቤቴ ጋር ነው" አለ። "ዕድሜያችንን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠራን። እኔ የጎደለኝን እሷ ታውቀው ነበር። ወደዚህ አገር አብረን ልንመጣ ነበር፤ ግን አልደረሰችም። ሞተችብኝ። ዛሬ ይህን ስንዴ ሳይ፣ እዪልኝ ልላት ዘወር እላለሁ። ወንበሩ ባዶ ነው።"

ድምፁ አልተሰበረም። ማለፊያ ትርጉም ነበር፤ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አላጎደለም።

"እኔን!" አሉ እማማ ወለተ ሐዋርያት። "እኔን ልጄ!"

ተነሡ። ሌሎቹም ሴቶች ተነሡ፤ ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። በዚያ አገር ሞት የተሰማ ዕለት፣ ሟቹ ከተቀበረ ዓመትም ቢያልፈው፣ የሰማ ሰው ቆሞ ያለቅሳል። ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው መጡና ሐዘንተኛውን ከበቡት። የከበቡት ግን ዶክተሩን አይደለም። ባምላኩን ነው።

እድላዊት የሆነውን ወዲያው አወቀች። እነ እማማ ዘግይተው የደረሱ ናቸው፤ የቀሩትን ደግሞ "እሳቸው፣ እሳቸው" እያለች ጆሯቸውን ያስለመደችው እሷ ናት። የፈረንጁ ነገር "እሳቸው" ተብሎ ይነገራል፤ "እኔ" ያለው እንግዲህ ይኸ ያገራቸው ልጅ ነው። ዶክተሩ ብቻቸውን ቆመው፣ ገርሟቸው፣ ግራ ቀኙን ያያሉ። ሐዘናቸውን ተናግረው፣ ማጽናኛው ለሌላ ሰው ደርሷል። መናገር ነበረባት፤ ስህተቱን ማረም ያስተርጓሚ ግዴታ ነው። ባምላኩን ስታየው ግን አፏ አልከፈት አላት። እማማ ወለተ ሐዋርያት በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘውታል። የሰውየው ፊት በረዶ የመታው አዝመራ መስሏል። ስንት ዘመን የጠበቀው ነገር በስህተት መጥቶ ደጁ ላይ ቆሟል፤ እንዴት ብላ ታባርርበታለች?

ወደ ዶክተሩ ጆሮ ጠጋ ብላ የሚሆነውን በሹክሹክታ መተርጎም ጀመረች።

"ስሟ ማን ነበር ልጄ?" አሉ እማማ።

ባምላኩ ዘገየ፤ አስተርጓሚ ሊዘገይ ከሚገባው በላይ ዘገየ።

"የኔዓለም" አለ።

"የኔዓለም! ነፍሷን ይማራት! ወይኔ የኔዓለም!" አሉ ሴቶቹ፤ አንዷ በግጥም ጀመረች። ባምላኩ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ሰማ። ከዚያ፣ ከከባድ ሸክም ሥር እንደሚነሣ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወገቡን አቀና፤ እማማንም እጃቸውን ይዞ ከትከሻው ላይ አወረደ።

"አስተርጓሚው ይቅርታ ይጠይቃል" አለ። "ሚስቴ ሞተችብኝ ያሉት እሳቸው ናቸው። ልቅሶው የእሳቸው ነው።"

ሁሉም ዞረው ዶክተሩን አዩ። የጀመረችው ግጥም እዚያው ቆመች።

"ኧረ በማርያም!" አለ እንዳላማው።

እማማ ወለተ ሐዋርያት ግን ዐይናቸውን ከባምላኩ ላይ አላነሡም።

"ታዲያ የኔዓለም የማን ናት?"

"የአስተርጓሚው ናት" አለ ባምላኩ።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጠየቁም፤ ሚስት ነበረች ወይ፣ እጮኛ ነበረች ወይ አላሉም። "እንግዲያማ ሁለት ልቅሶ ነው" አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። "ምን ቆማችኋል? አስቀምጧቸው እንጂ!"

ዶክተሩንና ባምላኩን ከወይራው ሥር በተጋደመ ግንድ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ወንዶቹ እየመጡ ለሁለቱም እኩል እጅ ነሡ። መተርጎሙ ለእድላዊት ብቻ ቀረ፤ ከሁለቱ ጀርባ ተንበርክካ ከጆሮ ወደ ጆሮ ተመላለሰች። እማማ የዶክተሩን ሚስት ስም ጠየቁ። "አና" አሉ ዶክተሩ። "ሐና በሉኛ!" አሉ እማማ ደስ ብሏቸው። "የእመቤታችን እናት። ለጸሎት አይጠፋም።" ከዚያ ወደ ባምላኩ ዞሩ።

"የየኔዓለምስ የክርስትና ስሟ?"

ባምላኩ አያቸው።

"በየኔዓለም መቼም አይጸለይላት። ቄሱ ቅዳሴ ላይ የሚያነሣው የክርስትና ስሟን ነው። ነገ አስነሣልሃለሁ፣ ንገረኝ።"

"አላውቀውም" አለ።

ከዚያ ልቅሶው መጣ። ባምላኩ ፊቱን በእጁ ሳይሸፍን፣ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ። "ሳል ሊይዛት ሲል አውቀው ነበር እማማ" አለ። "የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ አውቅ ነበር። አሁን እንኳ ዐይኔን ጨፍኜ እጅ ጽሕፈቷን እለየዋለሁ። የክርስትና ስሟን ግን አልጠየቅኋትም። እኔ እወዳት ነበር። አልነገርኳትም።"

ዶክተሩ አንገታቸውን ወደ እድላዊት ዘንበል አደረጉ። እድላዊት እንባዋን ዋጠች፤ ትንሽ ዘገየች፤ ከዚያ የሰማችውን ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ በ"እኔ" ተናገረችው። እኔ እወዳት ነበር። አልነገርኳትም። ነውሩ ጠፍቶላት ነበር። ሽማግሌው የባምላኩን እጅ ይዘው ተቀመጡ።

"ሰው የላትም?" አሉ እማማ፣ ልቅሶው ሲበርድ።

"እናቷ ደጀን አሉ። አንድ ቀን ነግራኛለች። አውቶቡሱ በዚያ ባለፈ ቁጥር ቤታቸው የትኛው ይሆን እያልኩ አያለሁ።"

"ማየት ምን ያደርግልሃል? ውረድና ጠይቅ እንጂ! እናት ያወጣችውን ስም እናት አትረሳም። እኔ እዚህ ቄሱን አቆይልሃለሁ።"

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ እድላዊት ይቅርታ ልትጠይቅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልትል ደጋግማ አፏን ከፈተች። ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ባምላኩ መናኸሪያው በር ላይ ጌቾን "አቁምልኝ" አለው።

"ቤትህ ወዲያ አይደለም እንዴ?" አለ ጌቾ።

"ደጀን ልሄድ ነው።"

"አሁን? ምሳ እንኳ አልበላህ! ምን ይዘህ ልትሄድ ነው? ለሰው እናት ባዶ እጅ ይኬዳል?"

"ደጀን ስደርስ የሆነ ነገር እገዛለሁ።"

እድላዊትም አብራ ወረደች። ባምላኩ የሚለው የጠፋበት ሰው አይመስልም ነበር፤ ይልቅ የሚለውን ሞልቶ እንደያዘ፣ ከቸኮለ እንደሚያፈሰው ሰው ይመስላል።

"ጋሼ፣ ልከተልዎ? ብቻዎን ከሚሆኑ…"

"አይ። ይህን አንድ አፍ ይበቃዋል።" ፈገግ አለ። "አንቺ ግን ዛሬ ጥሩ ሠራሽ። መጨረሻ ላይ ማለቴ ነው፤ መጀመሪያውንማ አበላሽተሽዋል።"

"አውቃለሁ" አለች፤ ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለ።

"ቅዳሜ ነይ። ስለ እሱ እናወራለን።"

"ደጀን፣ ደጀን፣ የሞላ!" እያለ ረዳቱ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። ባምላኩ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በጤፍ ጆንያና በዶሮ ቅርጫት መካከል መንገድ እየፈለገ ሄደ። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ጋሪ አሳለፈ። አንዲት ሴት እቃዋን እንዲያነሣላት ጠራችው፤ ቆሞ አነሣላት፤ ከዚያ መራመዱን ቀጠለ። እድላዊት ገብስማው ፀጉር ከሌላው ሰው ራስ ጋር እስኪቀላቀልባት ድረስ ቆማ አየችው።